ጫማዬ እንዳይቀር

የኛ ሰው ፎቶ ሲነሳ አንድ ሕግ አለው፤ ጫማ እንዳይቀር። ከኋላ ያለው ሕንጻ ግማሹ ቢቆረጥ፣ አጠገባችን የቆመው ሰው ጆሮው ብቻ ቢወጣ፣ ግድ የለንም። ጫማችን ከቀረ ግን ፎቶው ፎቶ አይባልም። «ምነው ጉርድ አነሳሽኝ? ፓስፖርት ላወጣ ነው እንዴ?» ብላ ያኮረፈችኝ ጓደኛ አለችኝ። እኔም ብሆን ላስ ቬጋስ በገባሁ ሰሞን የተነሳሁት የመጀመሪያ ፎቶ ከሻሼ እስከ ጫማዬ ሙሉ ነው። የማላውቀው ሰው ቀይ መኪና ላይ አንድ እጄን ጣል አድርጌ፣ ቀጥ ብዬ፣ ትንፋሼን ውጬ ቆሜያለሁ። ባለመኪናው ከሱቅ ሲወጣ አየኝና እስክጨርስ ድረስ ቁልፉን ይዞ ዳር ላይ ጠበቀኝ። ጨዋ ሰው ነበር።

ሁለተኛው ሕግ ደግሞ አንድ ልብስ ሁለት ፎቶ ላይ አይደገምም የሚለው ነው። አገር ቤት ያለ ዘመድ ዓይኑ አያድርስ ነው፤ ወዲያው «ያቺው ሰማያዊ ቀሚስ ናት? ሌላ የላትም?» ይባላል። ስለዚህ እኛ ለመንገድ ስንነሳ ከስንቅ በፊት የሚጫነው ልብስ ነው። አንድ ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር ባሕር ለማየት ካሊፎርኒያ ጠዋት ሄደን ማታ ተመለስን። በየመጸዳጃ ቤቱ እየገባሁ ልብስ ስቀይር ዋልኩ። ፎቶዎቹን ስልክላት እናቴ «ውይ ልጄ፣ ይሄን ያህል ስትሰነብቺ ሥራሽን ማን ያዘልሽ?» አለችኝ። ባሕሩን በቅጡ አላየሁትም፣ እውነቴን ነው።

ሥራዬ ስትሪፕ በሚሉት የካዚኖ ጎዳና ላይ ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ ክፍል ማጽዳት ነው። ቤቴ እዚያው አጠገብ፣ ፓራዳይዝ የሚባለው ሰፈር ነው። አፓርታማችን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወይ ሆቴል ይሠራል ወይ ታክሲ ይነዳል፤ የሥራ ፈረቃችን ስለማይገጥም ጎረቤትን የምናገኘው ደረጃ ላይ ነው፣ አንዱ ሲወጣ አንዱ ሲገባ። በፈረንጆቹ ሃያ ሃያ፣ መጋቢት ላይ፣ ኮሮና ገብቶ «ካዚኖ ሊዘጋ ነው» ሲሉኝ ከልቤ ሳቅኩ። ካዚኖ ይዘጋል? ሌሊት የለው፣ በዓል የለው፣ በሩስ ቁልፍ አለው እንዴ? ወላሂ፣ አንዳንዱ በር ላይ ቁልፍ ፈልገው አጥተው በሰንሰለትና በጣውላ ዘጉት። እኛንም «ሎከራችሁን፣ የልብስ ሳጥናችሁን ባዶ አድርጉ» አሉን። የሥራ ጫማዬን በፌስታል ይዤ ወጣሁ። ተመለሱ የሚሉን መቼ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

የዚያኑ ዕለት ደሴ ላለው ታላቅ ወንድሜ ደወልኩለት። ከእናቴ ጋር የሚኖረው እሱ ነው። ገና ሳልጨርስ «ለእማዬ እንዳትነግሪያት!» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ባለፈው ዓመት «ጉንፋን ይዞኝ ከሥራ ቀረሁ» ብዬ ብነግራት፣ ጉንፋን የያዘኝ እኔ፣ ደም ግፊቷ ተነስቶ ሆስፒታል የተኛችው እሷ። ሐኪሙ ወንድሜን ለብቻው ጠርቶ «ሁለተኛ እንዲህ ከደነገጠች ላትነሳ ትችላለች» ብሎታል። አሁን ሥራ መፍታቴን ሰምታ ብትወድቅስ? አውሮፕላን የለም፣ ድንበር ዝግ ነው፤ አልደርስላትም። ይሄ ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ። ወንድሜ በበኩሉ ሬዲዮኗን «ባትሪው አልቋል» ብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ደበቀው።

እሷ ግን ትደውላለች። «ሥራ እንዴት ነው?» «አልሐምዱሊላህ!» «ጤናሽስ?» «አልሐምዱሊላህ!» «እህ። ፎቶሽስ ምነው ጠፋ?» በቃ፣ መጣች። እናቴን ወሬ አይደልላትም፤ ፎቶ ካላየች ልቧ አይረጋም።

ሳሎኔ ውስጥ መጋረጃው ጋ ቆሜ ራሴን አነሳሁና መጀመሪያ ለወንድሜ ላክሁለት። ወዲያው ደወለልኝ። «ይቺን ካየች ለቅሶ ትቀመጣለች። ምን ሆነሽ ነው?» ለካ የጠረጴዛዋ መብራት ከታች አገጬን አብርታ ዓይኔን ጉድጓድ አድርጋዋለች። ሌላ ላክሁ። «ከሳሽ።» ሌላ። «ይሄኛው ላይ ደግሞ ሶፋው ላይ የተከመረው ልብስ ይታያል።» ንድድ አለኝ። «እንግዲያው ናና አንተ አንሳኝ!» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ግሪን ቫሊ የሚባል ሰፈር የአክስቴ ልጅ አለች። የሷ ልጅ እዚሁ የተወለደች፣ ዩኒቨርሲቲ ፎቶ የምትማር ወጣት ናት። ትምህርቱ ስለተዘጋ ቤት ተቀምጣ ድመቷን ስታነሳ ነው የምትውለው። ሄጄ ችግሬን ነገርኳት። እናቴ ሥራ መፍታቴን እንዳታውቅ፣ ጤነኛ፣ ወፈር ያልኩና ደስተኛ የምመስልበት ብዙ ፎቶ እፈልጋለሁ አልኳት። ዓይኗ በራ። የድሮ ፎቶዎቼን አሳዪኝ አለችና አንድ በአንድ አየቻቸው።

«አንቲ… ኖ ኦፌንስ፣ እንዳትቀየሚኝ» አለችኝ። «ሁሉም ላይ ፖሊስ የያዘሽ ትመስያለሽ።»

«ፎቶ ሲነሱ ቀጥ ነው!»

«ለምን?»

አባቴም ቀጥ ብሎ ነው የተነሳው፣ አያቴም እንደዚያው። ለምን ብሎ የጠየቀ ዘመድ የለንም።

አንድ ጠዋት ገና ጎህ ሲቀድ መጥታ ወሰደችኝ። ሁለታችንም ማስክ አድርገናል፣ እኔ ከኋላ ወንበር ነኝ፣ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል። ሻንጣዬን ስታይ «ቬኬሽን ነው የምንሄደው?» አለችኝ። ቀሚስና ሻሽ፣ ጫማም ጭምር ጢም አድርጌ ሞልቼዋለሁ። ከቤቴ እስከ ስትሪፕ በመኪና ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይደረሳል፤ ግን አዎ፣ ለእናቴ ስንል ሽርሽር ልንሄድ ነው። ቬጋስ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ከተማ ነው። አስመስለው የሠሩት የፓሪስ ማማ አለ፣ የግብጽ ፒራሚድ አለ፣ የጣሊያን ቦይ ከነድልድዩ አለ። ሰው ዓለምን ዞሮ የሚነሳውን እዚህ በአንድ ጠዋት ይነሳዋል።

«ለምን በዚህ ጨለማ ቀሰቀስሽኝ?» ብዬ ነጭነጭ ስልባት፣ የቀትር ፀሐይ ከአናት ስለሚመጣ ዓይን ያጠቁራል፣ የጠዋቷ ግን ከጎን ናት አለችኝ። «ስኪን ጥሩ ያደርጋል፣ ዩ ዊል ሲ።» እውነቷን ነው። ፀሐይዋ ብቅ ስትል ፊቴ ቅቤ የተቀባ መሰለ።

ማማው ጋ ስንደርስ እንደለመድኩት ሄጄ እግሩ ሥር ተለጠፍኩ።

«ኖ ኖ ኖ! ወደኔ ነይ!»

«ማማው ይቅር?»

«አይቀርም። አንቺ ቅርብ፣ ማማው ሩቅ። ሁለታችሁም ትገባላችሁ።»

ጠጋ አልኩላት። አንስታ ካሜራው ላይ ስታሳየኝ እኔና ማማው ቁመታችን እኩል ሆኖ ጎን ለጎን ቆመናል፤ አብሮ አደጎች እንመስላለን። ስንት ዓመት ሙሉ ሕንጻ ሥር ተለጥፌ ጉንዳን ያከልኩት ይሄን ባለማወቅ ነው ለካ! ደስ አለኝ፣ ግን ወደ ታች አየሁ።

«ጫማዬስ?»

«አንቲ፣ ማንም ጫማ አያይም።»

«እናቴ ታያለች!»

ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ልጅቷ ተስፋ ቆርጣ መንገዱ መሃል፣ አስፋልቱ ላይ፣ በሆዷ ተኛች። ከዚያ ሆና ስታነሳው ጫማዬም፣ እኔም፣ ማማውም ገባን። በደህናው ጊዜ እዚያ ብትተኛ ኖሮ አንዱ ሊሞዚን ይሄድባት ነበር። ያን ጠዋት ግን ወዲያም ወዲህም መኪና የለም። የትራፊክ መብራቱ ብቻ ለራሱ ቀይ ይሆናል፣ ለራሱ አረንጓዴ ይሆናል።

ከሁሉ ከሁሉ የምትጨነቀው ለባክግራውንድ ነው። «ክሊን መሆን አለበት። ከኋላሽ ሰው ካለ ዓይን ወደሱ ይሄዳል፣ አንቺን አያይም።» የሚያስተምሯቸው እንደዚህ ነው፤ ቱሪስት የሚበዛበት ቦታ ስትሄጂ ሰው ከፍሬሙ እስኪወጣ ጠብቂ፣ ካልሆነልሽ በጠዋት ተነሺ። እኛ ግን ማንን እንጠብቅ? ነፍስ ያለው ነገር ቢኖር በሳይክል የሚዞር አንድ ጥበቃ ብቻ ነበር። ባለፈ ቁጥር «ዌይት፣ ዌይት፣ ይለፍ» ትለኛለች። እሱ ደግሞ ብቸኝነት ገድሎት ነው መሰለኝ ቆም ብሎ ሊያወራን ፈለገ። ፍሬም ውስጥ ገብተሃል አለችው። ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል።

«እንግዲህ ልሳቅ?» አልኳት።

«አትቆሚ። ሂጂ። እያወራሽ ሂጂ። ስለ ሥራ አውሪኝ።»

ስለ ሱፐርቫይዘሬ ማውራት ጀመርኩ። ጣቷን መስኮት ላይ እየሳበች አቧራ የምትፈልግ፣ የተነጠፈ አልጋ ዙሪያ ጎንበስ ብላ መርፌ እንደጠፋበት ሰው የምትዞር ሴትዮ ናት። አረማመዷን ሠራሁላት፣ አፏን አሞጠሞጥኩላት። ልጅቷ እየሳቀች ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች። በኋላ ሳየው ራሴን አላወቅኩትም። ጥርሴ ሁሉ ወጥቷል፣ ነፋስ ቀሚሴን ይዞታል። ቆንጆ ነበርኩ። ምን አፍራለሁ፣ ቆንጆ ነበርኩ!

ይሄ ትምህርት እስከዛሬ ይጠቅመኛል። በሚቀጥለው ዓመት ከተማው ሙሉ ለሙሉ ተከፍቶ ሥራ ከተመለስኩ በኋላ፣ እንግዶች ኮሪደር ላይ «እባክሽ አንሺን» ሲሉኝ «ቀጥ አትበሉ፣ ዝም ብላችሁ አውሩ» እላቸዋለሁ። አንዱ ሽማግሌ ሚስቱን እያወራት ሳነሳው ሚስቱ በሳቅ ፈረሰች። ቲፕ ሊሰጠኝ ሲል እምቢ አልኩት፤ ደስ ብሎኝ ነበራ።

ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። መጸዳጃ ቤቱ ሁሉ ዝግ ስለነበር ልብስ የቀየርኩት መኪና ውስጥ፣ ልጅቷ አንሶላ እየጋረደችልኝ ነው። ወደ ፒራሚዱ ስንሄድ በሆቴሌ በር አለፍን። መኪናዋን ጥግ ላይ ፓርክ አደረገችና «ያንቺ ሆቴል አይደል? እዚህም ናይስ ነው» አለችኝ። በሩ በጣውላ ተመቷል። ቀና ብዬ እኔ የማጸዳውን ፎቅ ፈለግሁ። መጋረጃው ሁሉ እኩል ተዘግቷል። እዚያ ውስጥ ሰው ሲያንኮራፋ፣ ሲጣላ፣ ሲታረቅ፣ ሕፃን አልጋ ላይ ሲዘል ነበር። አሁን አልጋው ሁሉ እኛ እንዳነጠፍነው ቀርቷል።

«እዚህማ አልነሳም» አልኳት።

ለምን አላለችኝም። ካሜራዋን ከተተችና ወደ ፒራሚዱ ነዳች።

ፎቶዎቹን እንደ መድኃኒት ቀስ እያልኩ ነው የላክሁት፣ አንዱን ዛሬ፣ አንዱን ሲቆይ። ረመዳን ገብቶ ስለነበር ወንድሜ ካፈጠሩ በኋላ ያሳያታል። እሱ በደስታ ሊሞት ነው። «ይሄማ መጽሔት ነው! ለጎረቤቱ ሁሉ እያሳየች ነው። ግፊቷንም አስለካኋት፣ ደህና ነው!» ይለኛል። እኔና ወንድሜ ከተወለድን እንዲህ ተስማምተን አናውቅም።

እሷ ራሷ ስትደውል ግን «ማሻአላህ፣ አምሮብሻል» ትልና አንዲት ጥያቄ ጣል ታደርጋለች።

«ይሄ ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«ከሥራ ስወጣ ነው፣ ወደ ማታ።»

«እህ።»

በሌላው ቀን ደግሞ «በዓል ነው እንዴ እዚያ?» ትላለች።

«ኧረ አዘቦት ነው!»

«እህ።»

እናቴ ሁለት ጊዜ እህ ካለች ነገር አለ። እኔ ግን በፎቶዬ ሰክሬ አልሰማኋትም።

የዒድ ዕለት፣ በእኔ ጠዋት በነሱ ማምሻውን፣ በቪዲዮ ደወሉ። ወንድሜ ስልኩን ይዞላታል። «ዒድ ሙባረክ!» ተባባልን፤ ምን በላችሁ፣ ማን መጣ ተባባልን። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞራ «አንተ፣ ሂድ ይሄን ሳህን ለጎረቤት አድርስልኝ» አለችው። ስልኩን ሰጥቷት ወጣ። በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች። ወደ ፊቷ ስታስጠጋኝ የሚታየኝ ግማሽ ግንባሯና አንድ ዓይኗ ብቻ ሆነ።

«አንቺ ልጅ» አለችኝ። «ሥራ ከፈታሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

ክው አልኩ። እሷ ትወድቃለች ብዬ ስፈራ ልወድቅ የነበርኩት እኔ ነኝ። «ማነው የነገረሽ?» አልኳት።

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ? መቼ?»

«ይሄን ሁሉ ስትልኪልኝ። እኔ እናንተን ያሳደግሁት ገበያ ላይ በርበሬ ሸጬ ነው፤ ሰው የሌለበት ገበያ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ አትነግሪኝም። ያ ከተማ ሰው ከሰው የሚጋፋበት ነው ያልሽኝ ራስሽ ነሽ። እኔ ደግሞ ፎቶሽ ሲመጣ ቀድሜ አንቺን አላይም፤ አንቺንማ ወልጄሻለሁ። ከኋላሽ ያለውን ነው የማየው፣ የት ትውያለሽ፣ ከማን ጋር ትውያለሽ ብዬ። በዚያ ሁሉ ፎቶ አንድ ሰው አጣሁ። እንግዳ ከሌለ አልጋ የምታነጥፊው ለማን ነው?»

ጉድ! ልጅቷ በሆዷ ተኝታ፣ ያን ምስኪን ጥበቃ አባርራ፣ ጥርት አድርጋ ያጸዳችው ባክግራውንድ ነው ያጋለጠኝ። እንደ ድሮዬ ማማው ሥር ተለጥፌ በራሴ ስልክ ብነሳ ኖሮ ያ ጥበቃ ከነሳይክሉ ይገባልኝ ነበር።

«ግፊትሽስ?» አልኳት።

«ደህና ነኝ። የመጀመሪያውን ያየሁ ለታ አልተኛሁም፣ አልዋሽሽም። ደግሞ ሌላው መጣ። አየሁሽ፤ ትራመጃለሽ፣ ትስቂያለሽ። ሥራ ፈታ እንዲህ ከሳቀችማ ልጄ ትከርማለች አልኩ። ተኛሁ።»

«ታዲያ ለምን ያላወቅሽ መሰልሽ?»

«አንቺስ?»

ዓይኗን ወደ በሩ ላክ አደረገችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ ለሱ እንዳትነግሪው።»

«ለማን?»

«ለወንድምሽ። እኔን ደብቆኝ ደስ ብሎት ነው የሚውለው። ሬዲዮኔን ቁም ሳጥን ውስጥ ከከተተ ወዲህ እንዴት እንደሚታዘዘኝ! እንዳታበላሺብኝ።»

ሳቄ መጣ። ስስቅ ስስቅ ሳላስበው ወደ ለቅሶ ዞረ። ያን ሁሉ ሳምንት አልሐምዱሊላህ እያልኩ ያፈንኩት ነው አንድ ላይ የወጣው። «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» አለችኝ። «ገበያ ይበተናል፣ ደግሞ ይቆማል። ሲቆም ትሄጃለሽ።» አፍንጫዬን በሻሼ ጫፍ ጠረግሁ። ቀለል አለኝ፣ ወላሂ፣ ድንጋይ ከላዬ የወረደ ያህል ቀለል አለኝ። ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አለኝና ደግሞ ደነገጥኩ። ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል እኮ! እሷ ካወቀች እነሱስ?

«እማዬ፣ ጎረቤቶችሽስ? ከኋላዬ አንድም ሰው እንደሌለ አላዩም?»

«አዩ እንጂ። ሰዉ የት ሄደ አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ከተማውን ለልጄ ዘግተውላት ነው አልኳቸው።»